ቫይት ጆንያውን ጥሎ ሸማኔ ሲሆን

በሪድሊንበርግ ቫይትን የማያውቅ ሰው ቢገኝ እንኳ እሱ የማያውቀው በር አልነበረም። ከዳኑብ ድልድይ አንሥቶ እስከ ቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር፣ ከቅጥሩም ወጥቶ እስከ ወፍጮዎቹ መንደር ድረስ የገዳሙን የልመና ጆንያ ተሸክሞ ሲዞር የኖረው መነኩሴ እሱ ነው። አጭር፣ ደንዳና፣ ጉንጨ ቀይ ሰው ነበር። ሲመጣ ውሾቹ እንኳ ለወጉ ያህል አንዴ ጮኸው ተመልሰው ይተኛሉ።

ልመና ያሳፍራል የሚል ሰው ያን ጊዜ አልነበረም፤ ቫይትማ ይኮራበት ነበር። የገዳሙ ሥርዓት ለምናችሁ ብሉ ይላል፣ እሱ ካልዞረ ደግሞ ወንድሞቹ ምን በልተው ይዘምራሉ? ከተሜውም ቢሆን ጆንያው ውስጥ የጣለው እንቁላልና አጃ ቀድሞት ሰማይ ቤት የሚገባ ይመስለው ስለነበር፣ ሰጪና ተቀባይ ተደስተው ነው የሚለያዩት።

"አባ ቫይት፣ ጆንያዎ ዛሬም አልጠገበም?" ትለዋለች የሸማኔው የኤንድሬስ ሚስት ዋልቡርጋ፣ እንቁላሉን በሽርጧ ይዛ ብቅ ስትል።

"ምን ላድርግ እሜቴ! ወንድሞቼ ሲዘምሩ ነው የሚውሉት፤ መዝሙር ደግሞ ያስርባል።"

"ይዘምሩ፣ ይዘምሩ! ለእናቴ ነፍስ ይድረሳት እንጂ። በሉ ይባርኩኝ።"

ይባርካታል። እጅጌውን ስማ ትገባለች። እሱም ዕለቱን ሙሉ የሠራ ሰው በሚሰማው ድካም፣ ወገቡን ይዞ ወደሚቀጥለው በር ያዘግማል።

ይህን ሁሉ ያስተማረው አባ ኪልያን ነው። ቫይት ገና በልጅነቱ፣ ቤተሰቡ የሚያበላው ሲያጣ ለገዳሙ የተሰጠ የጭሰኛ ልጅ ነበር፤ የጸሎቱን ላቲን በጆሮው ያዘው እንጂ ፊደል አልቆጠረም። ኪልያን ደግሞ እንደ በር መቃን የቆመ ትልቅ ሰው፣ የጆንያው አለቃ ነበር። የትኛው ውሻ እንደሚናከስ፣ የሻገተ ዳቦ የሰጠችን ሴት ትኩስ እንደሰጠችው አድርጎ ማመስገንን፣ የባልና ሚስት ጠብ ያለበትን ቤት አልፎ መሄድን አሳየው። አንድ ክረምት ቫይት በወፍጮዎቹ መንገድ ላይ በንዳድ ሲወድቅ፣ ኪልያን ጆንያውን በደረቱ አድርጎ ልጁን በጀርባው አዝሎ በበረዶው ውስጥ አመጣው። ቫይት አባቴ ሲል የሚታየው የኪልያን መልክ ነው፣ የወለደው አባቱ አይደለም።

ዕድሜ ሲገፋ የኪልያን እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዳንድ ቀን ይተወዋል፤ ሲነሣበት ግን ጽዋ መያዝ አይችልም። ያ ግዙፍ ሰው በዚህ አፈረ። እጆቹን በሰፊው እጅጌው ውስጥ አጣጥፎ መሄድ ልማድ አደረገ፣ ሰዉም የትሕትና አካሄድ መሰለው። በማዕድ ቫይት አጠገቡ ይቀመጥና፣ ሌሎቹ አቀርቅረው የሚነበበውን ሲሰሙ፣ ሾርባውን በማንኪያ ያጎርሰዋል። ከገዳሙ ቅጥር ውጭ ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ዘመኑ ተገለበጠ። የገዳምን ኑሮ የሚነቅፈው አዲሱ ሰባኪ መጣና ከመድረኩ ላይ፣ ጫማ ሰፊው በወስፌው፣ ገረዲቱ በመጥረጊያዋ እግዚአብሔርን የሚያገለግሉት ቄስ በቅዳሴው ከሚያገለግለው አያንስም አለ። ጫማ ሰፊዎቹ ቀና ቀና ብለው ወጡ። ቀጥሎ፣ እጅ እግር ይዞ ከሰው ደጃፍ የሚቆም ሰው የደካማውን ጉርሻ ይሰርቃል አለ። የከተማው ጸሐፊ ዶክተር ሴባልድም ጣሊያን አገር የተማረ ሰው ነበርና፣ በሸንጎው ተነሥቶ ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን እየጠቀሰ ስለ ሰው ልጅ እጅ ተናገረ። ድልድዩን የገነባ፣ ሰዓቱን የቀረጸ፣ ሥዕሉን የሳለ ይህ እጅ ነው፤ ሰው የተፈጠረው ዓለምን ሊያበጃት ነው፤ እጁን ያጣጠፈ ግን ከሰውነቱ ግማሹን ጥሏል፣ አለ። የዶክተሩ እጅ ራሱ ከብዕር የከበደ ነገር አንሥቶ ባያውቅም ንግግሩ ያምር ነበር፣ እውነትም ነበረበት። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ ውሸት ቢሆን ኖሮ ቫይት በሳቀበት ነበር።

ሸንጎው ገዳሙን ዘጋ። በየደጃፉ መለመንም መስጠትም ተከለከለ። በእውነት ለመሥራት የማይችል የከተማው ሰው፣ የሚመሰክርለት ካገኘ፣ በልብሱ ላይ የሚሰፋ ምልክት ተሰጥቶት ከከተማው ዳቦ ይቆረስለታል። መነኮሳቱ ወይ ወደ ሌላ አገር ይሄዳሉ፣ ወይ እጅ ሥራ ይማራሉ። ኪልያን እጆቹን በእጅጌው እንደከተተ "እኔ እህቴ ዘንድ እገባለሁ" ብሎ ወደ ገጠር ወረደ። ቫይት ግን ከዚህች ከተማ ሌላ አገር አያውቅም፤ በስተርጅና መንገድ መውጣት ፈራ፣ እንቀራለሁ ካሉት ጋር ቀረ። ሽመና እንዲማር ለኤንድሬስ ሰጡት። ውሉ ቀላል ነበር። በኅዳር እስከሚውለው የማርቲን በዓል ድረስ አንድ ጣቃ ጨርቅ ሠርቶ በከተማው የጨርቅ መርማሪዎች ፊት ካለፈለት፣ ኤንድሬስም ዋስ ከሆነው የከተማው ሰው ይሆናል። ካልሆነለት በድልድዩ ይወጣል።

የመጀመሪያው ቀን ዋልቡርጋ በሩን ከፈተችና እጅጌውን ልትስም ጎንበስ ስትል ራሷን ያዘች። አሁን መነኩሴ አልነበረም፤ የሟች ባለ ሱቅ ሱሪ ለብሶ ነበር፣ ያውም የጠበበው።

"ግባ" አለችው። "እግርህን ጥረግ።"

ከሁሉ ልቡን የቆረጠው ያ "ግባ" ነበር። ክፋት ኖሮባት አይደለም፤ ሌላ ምን ትበለው? ግን ቀድሞ ያ ሁሉ እንቁላል የተሰጠው ለማን ነበር የሚል ጥያቄ ፊቷ ላይ አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከተማ ውስጥ ሲሄድ ዓይኑ መሬት መሬት ያያል፤ የማያውቀው በር ስለሌለ፣ የማያፍርበት በርም አልነበረም።

ሽመናው ምድር ቤት ነው። የጨርቁ ድር ተልባ፣ ማጉ ጥጥ ነው፤ ተልባው እርጥበት ስለሚወድ ጀርባ በሚወዛና ጉልበት በሚቆረጥምበት ጨለማ ውስጥ ተቀምጠው ይሠሩታል። ኤንድሬስ ቀጭን፣ ቃል ቆጣቢ፣ በሥራው የማይቀልድ ሰው ነበር። የቤቱ ጨርቅ ከአያቱ ጀምሮ የበሬ ማኅተም ሲመታበት ነው የኖረው። መርማሪዎቹ ለምርጡ በሬ፣ ለቀጣዩ አንበሳ፣ ለመናኛው የወይን ዘለላ ይመቱበታል፤ የተበላሸውን ደግሞ ሕዝብ እያየ መሐል ለመሐል ይቀዱታል።

"እጅህ የመኳንንት እጅ ነው" አለው ኤንድሬስ መዳፉን ገልብጦ እያየ። "ትከሻህ ግን የበሬ ነው። እስቲ በትከሻህ እንጀምር።"

ቫይት በበኩሉ ልቡን ሰጥቶ ተማረ። መወርወሪያው ሲያመልጠው እየተንበረከከ ፈለገ፣ ጣቱ ደማ፣ ደረቀ፣ ሻከረ። የሻከረ መዳፉን በድብቅ በጉንጩ ላይ እያሸ ደስ ይለው ነበር። ዶክተር ሴባልድ ያለው እጅ ይህ ይሆናል እያለ ማለት ነው። ኤንድሬስ ጥጥ ሊገዛ ወደ ኡልም ገበያ ሲሄድም ጣቃውን ለብቻው እንዲጨርስ ተወለት፤ ተመልሶም በሻማ ብርሃን ጠርዙን ዳሶ "ይሄዳል" አለ። ኤንድሬስ አፍ ላይ "ይሄዳል" ትልቅ ሙገሳ ነው።

የምርመራው ቀን ጨርቁን በመስኮቱ ትይዩ ባለው ግንድ ላይ ዘረጉት። ፀሐይ ገባበት። አዛውንቱ መርማሪ ዓይኑን አጠበበ፣ ቀረበ፣ ራቀ፣ ከዚያ ጉንጩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁን ይዞ ነበር።

"ኑ እስቲ እዩልኝ" አለ ጓደኞቹን። "ይቺ መስመር ትታያችኋለች?"

ታየች። አግድም የሄደች፣ ከሌላው ወፈር ያለች መስመር። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ። ከዚያም ሌላ። ጨርቁን በሙሉ ከላይ እስከ ታች እንዲሁ እየደጋገመ ይዞታል። ሸማኔ እጁን አቁሞ እንደገና ሲጀምር፣ የመጀመሪያዋ ምት ከቀድሞው ወይ ትጠብቃለች ወይ ትላላለች፤ መስመሯን የምትተወው ያቺ ናት።

"እኔ እኮ በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ነበርኩ" አለ አዛውንቱ፣ ጣቱን ጨርቁ ላይ እያስኬደ። "ይሄ የሠለስት ጸሎት ሰዓት ነው። ይሄ ቀትር። ይኸው ተሰዓት፣ ይኸው ሠርክ። እዚህ ጋ ሰውዬው ተኝቷል። ደግሞ በማግስቱ ተነሥቶ፣ ሠለስት!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። በደረጃው ላይ የቆሙት ሰምተው ለገበያው አስተላለፉ። ቫይት ደንግጦ ቆመ፤ እሱ ራሱ አያውቅም ነበርና። የገዳሙ ደወል ከቆመ ወራት አልፈዋል፣ ጸሎቱንም አስቦ አይደግምም። እጁ ግን ሰዓቱ ሲደርስ በራሱ ይቆም ነበር፣ ከንፈሩም ይንቀሳቀስ ነበር። የዕድሜውን ልማድ በጨርቁ ላይ ሠርቶ፣ ገበያ አውጥቶ ዘረጋው። ልብሱን አውልቀው ቢያቆሙት ይሻለው ነበር።

አዛውንቱ ቢላዋውን አውጥቶ ጨርቁን መሐል ለመሐል ቀደደው። ያ ድምፅ ኤንድሬስን ሲያልፍበት ቫይት ጎኑ ቆሞ አየ። ሰውዬው ሁለቱን ቁራጭ በብብቱ ይዞ በገበያው መሐል ሲሄድ፣ አንዱ ዳቦ ጋጋሪ "ኤንድሬስ፣ ቅዳሴ ስንት ትሸጣለህ?" ብሎ ጮኸበት።

ቤት ሲደርሱ ነው አፉን የከፈተው።

"አያቴ የሠራው ላይ ቢላዋ አርፎበት አያውቅም። አባቴ የሠራው ላይም።"

"ጌታዬ፣ ወድጄ አይደለም። እጄ ነው።"

"እጅህ የማነው? የጎረቤት ነው?"

"ምን ልበልዎት… ሰዓቱ ሲደርስ ይቆማል።"

"እንግዲያስ አታቁመው። ጸሎትም ከሆነ እየሠራህ ጸልይ። ሰባኪው ምን አለ? ሥራው ራሱ ጸሎት ነው አላለም? አንድ ድር እሰጥሃለሁ፣ እስከ ማርቲን። ይኼ ከተበላሸ እኔም አፌን አልከፍትልህም።"

ቫይት የሰማውን አደረገ። ሰዓቱ መድረሱን ሰውነቱ ሲነግረው፣ ጥርሱን ነክሶ መወርወሪያውን ይልካል። መጀመሪያ ላይ ጸሎቱን ከምቱ ጋር ሊያስኬደው ሞከረ፤ ቃሉ ከምቱ አልገጥም አለ፣ ድሩም ተበጠሰ። ስለዚህ ጸሎቱን ተወውና ምቱን ያዘ። ሳምንታት ሲያልፉ ሰውነቱ ዝም አለ። አንድ ቀን ዋልቡርጋ ለራት ስትጠራው ቀኑ እንደመሸ አላወቀም ነበር። ጎበዝ ሸማኔ መሆኑ ነው ብሎ ሊደሰት ሲል፣ አንድ ነገር ጎደለበት። ምን እንደሆነ ግን ቆሞ አልፈለገውም፤ ጣቃው ማለቅ ነበረበት።

ከማርቲን በዓል በፊት ባለው የመጨረሻው የምርመራ ቀን ጨርቁን በትከሻው ተሸክሞ ከኤንድሬስ ኋላ ሄደ። የምርመራው ቤት ደረጃ ላይ ሰው ተሰብስቧል። መሐል ላይ ለማኞችን የሚይዘው ዘበኛ አንድ ትልቅ ሽማግሌ ይዞ ቆሟል። ሽማግሌው እጆቹን በእጅጌው ውስጥ ከቷል።

አባ ኪልያን ነበር። እህቱ ሞታ፣ ቤቱን የወረሰው ሰው አስወጥቶት፣ ወደሚያውቃት ከተማ ተመልሶ አንድ ደጃፍ ላይ እጁን ሲዘረጋ ነው የተያዘው። ፊቱ አሁንም ቀይ ነው፣ ቁመቱ አሁንም በር ይሞላል። ላየው ሰው ግንድ የሚፈልጥ ይመስላል።

"ታምሜአለሁ ይላል" አለ ዘበኛው ወደ ደረጃው ለወጡት መርማሪዎች። ከነሱ አንዱ የሸንጎው ሰው ስለነበር ነው። "እጄ ይንቀጠቀጣል ይላል።"

"እስቲ አሳየን" አለ አዛውንቱ መርማሪ።

ኪልያን አፍሮ እጆቹን አወጣ። ተንቀጠቀጡ። ሰዉ ሳቀ።

"ሁሉም እኛን ሲያዩ ይንቀጠቀጣሉ" አለ ዘበኛው። "ባለፈው ሳምንት አንዱ ሽባ ከኔ አምልጦ አጥር ዘለለ። ሕጉ ምስክር ነው የሚለው። ማን ይመሰክርልሃል?"

ኪልያን ዙሪያውን አየ። ከዚያ ፊቱ በራ።

"ቫይት! ቫይትዬ! ይኸው፣ እሱ ያውቃል። እሱን ጠይቁት።"

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ቫይት ጣቃውን ተሸክሞ ቆሟል። አዛውንቱም አወቀውና ሳቀ።

"እንዴ፣ ሠለስትና ቀትር! መጣህ? እነዚህ እኮ የአንድ ጆንያ ሰዎች ናቸው። ይመስክርለታ፣ ለማኝ ለለማኝ!"

ሳቁ እንደገና ተነሣ። ኤንድሬስ አንገቱን ደፋ። ቫይት የኤንድሬስን አንገት አየ፣ በደረጃው ላይ ያን ዳቦ ጋጋሪ አየ፣ ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ ክብደት ተሰማው። ታሟል ቢል የአንድ ጆንያ ሰው ይባላል፣ ከዚያ ጨርቁን ማን በደህና ዓይን ያየዋል? ይህን ሁሉ አስቦ ጨርሶ አልነበረም። የሚያውቀው፣ እንደገና እንዳይስቁበት መፈለጉን ብቻ ነው።

"እኔ እስከማውቀው" አለ፣ ድምፁ የሰባኪውን ድምፅ መሰለ፣ "ሠርቶ መብላት ይችላል።"

ሳቁ ቆመ። አዛውንቱ ቅንድቡን አንሥቶ አየው፤ የአክብሮት አተያይ ነበር። ቫይት ያን አተያይ ከፈለገው በላይ አገኘ።

ኪልያን ግን አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻለ ነበር። አፉን ገርበብ አድርጎ እጆቹን ቁልቁል አያቸው።

"ቫይት ካለ…" አለ ቀስ ብሎ ለዘበኛው። "እሱ ዋሽቶ አያውቅም። እኔ እንግዲህ የታመምኩ መስሎኝ… ስንፍናም ይሆናል። ሰው ራሱን አያውቅም እኮ።"

ዘበኛው በክንዱ ይዞት ወደ ድልድዩ ወሰደው። ጨርቁን በመስኮቱ ትይዩ ዘረጉት። አንድም መስመር አልነበረበትም። የበሬውን ማኅተም መቱበት።

ቫይት "ወዲያው እመጣለሁ" ብሎ ወደ ድልድዩ ሮጠ። ኪልያን ከወዲያኛው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ እጆቹ ጉልበቱ ላይ እየዘለሉ። ሲያየው ለመነሣት ሞከረ።

"ተቀመጡ አባ፣ ተቀመጡ። እኔ… ዳቦ ይዤልዎት ነበር።"

"አይ ልጄ። ሳልሠራ አልበላም ከእንግዲህ።" ዳቦውን በእርጋታ ወደ ቫይት ደረት መለሰው። ከዚያ ፊቱን አቅርቦ፣ እንደ ድሮው ምሥጢር ሲያወራው በነበረበት ድምፅ ጠየቀው። "እስቲ እውነቱን ንገረኝ ቫይትዬ፣ እነሱ የሉም አሁን። እውነት እችላለሁ ብለህ ነው? አንተ ስታጎርሰኝ የነበርክ ሰው ነህ፣ ካንተ በላይ የሚያውቀኝ የለም። አንተ ይችላል ካልክ እሞክራለሁ። ምናልባት ስለተጎረስኩ ይሆናል እኮ የሰነፍኩት።"

አሁን አንድ ቃል ነበር የሚፈለግበት። ዋሸሁ ማለት። ግን ዋሸሁ ካለ ተመልሶ መርማሪዎቹ ፊት ሊቆም ነው፤ ማኅተሙም፣ ዋሱም፣ ከተማውም ሊቀር ነው።

"ይሞክሩ እስቲ" አለ።

ኪልያን ራሱን ነቀነቀ፣ አምኖ። የሚንቀጠቀጠውን እጁን አንሥቶ ባረከውና በወፍጮዎቹ መንገድ ሄደ። ቫይት ዳቦውን እንደያዘ ተመለሰ።

የማርቲን በዓል አለፈ። ስሙ በሸማኔዎች ማኅበር ገባ፣ ቢራ ተጠጣለት። አንድ ቀን በራት ላይ ዋልቡርጋ የጎመኑን ሳህን እያስቀመጠች ከወፍጮ ቤት የሰማችውን አወጋች።

"ያ ትልቁ ሽማግሌ የለም? በየቤቱ እየዞረ ዳቦ አይለምንም አሉ፣ ሥራ ነው የሚለምነው! ወፍጮ ቤት ገብቶ ጆንያ አነሣለሁ ብሎ ዱቄቱን በሙሉ ወንዝ ከተተላቸው። የወፍጮው ባለቤት በእርግጫ ሲለው ምን አለ መሰላችሁ? 'ይቅርታ፣ የሚያውቀኝ ሰው ትችላለህ ብሎኛል'። አሁን በረት ለበረት ነው የሚያድረው፣ በዚህ ብርድ።" እየሳቀች ጀምራው ነበር፣ መጨረሻው ላይ አልሳቀችም።

ቫይት ማንኪያውን አኖረ።

"አይችልም" አለ።

"ምን?" አለ ኤንድሬስ።

"አባ ኪልያን ሥራ አይችልም። እጁ ከታመመ ቆይቷል። ሾርባውን ሳጎርሰው የነበርኩት እኔ ነኝ። ዐውቅ ነበር፣ ዐውቄ ነው የዋሸሁት። እንዳይስቁብኝ ፈርቼ።"

ዋልቡርጋ አፏን በሽርጧ ያዘች። ኤንድሬስ ማኘኩን ጨርሶ ዋጠ።

"ስማኝ ቫይት። ዋስህ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት።"

"በሐሰት የመሰከረ ሰው በማኅበሩ አይቆይም፣ የዋሱም ስም ይጎድፋል። ነገ ሄደህ ብትናገር አንተ በድልድዩ ትወጣለህ፣ እኔም ያ የተቀደደው ጨርቅ አንሶኝ የሐሰተኛ ዋስ እባላለሁ። መሄድ ካማረህ በሩ ያው፣ አልይዝህም። ካልሄድክ ግን ይቺን ነገር ሁለተኛ ማዕዴ ላይ እንዳታነሣት።"

"እሱስ ቢሆን" አለች ዋልቡርጋ ማንንም ሳታይ፣ "ካልቻለ ለምን እሞክራለሁ ይላል?"

ቫይት በማግስቱ እሄዳለሁ አለ በልቡ። በማግስቱ ድሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ኤንድሬስ ወገቡን ታመመ። እንዲህ እያለ እሑድ ደረሰ። ቫይት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ቆርጦ ነበር፤ ከስብከቱ በኋላ አዛውንቱን መርማሪ ደጃፉ ላይ ይዞ ይነግረዋል፣ የመጣው ይምጣ።

ሰባኪው ስለ ሥራ ነበር የሚሰብከው። ኋላ መጽሐፉን አጠፈና ወደ ሕዝቡ ጎንበስ አለ።

"ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሂድ" አለ። "በዚህች ከተማ የሰው ደጃፍ ሲያንኳኳ የኖረ ሰው አለ። ዛሬ የገዛ እጁ በሠራው ይበላል፤ ጨርቁም የበሬ ማኅተም አለበት። ከዚህም የሚበልጥ አደረገ። አብሮት የኖረ ወንድሙ ሥራ ሸሽቶ ሲለምን በተያዘ ጊዜ፣ ጓደኝነት አላሸነፈውም፤ እውነቱን ተናገረ። ስንቶቻችን ይህን እናደርጋለን? ቫይት፣ የት ነህ? ተነሥ፣ ይዩህ።"

ሰዉ ዞረ። የእነዚያ በሮች ሁሉ ባለቤቶች፣ ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር፣ ፈገግ ብለው አዩት። ኤንድሬስ በክርኑ ጎሰም አደረገው። ቫይት ተነሣ። የፊተኛውን ወንበር ያዘ።

አሁን ነው፣ አለ ለራሱ። አዛውንቱ እዚያ ተቀምጧል። ሸንጎው እዚያ ተቀምጧል። ማንንም ደጃፍ ላይ መያዝ አያስፈልግም። ዋሽቼ ነው፣ ሰውየው በብርድ እየሞተ ነው። ይህችን ብቻ መናገር ነው። ሰባኪው ይጠብቀዋል። ቫይት አፉን ከፈተ።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ።

የለማኙ ምስጋና ከአፉ ወጣ፤ በየደጃፉ ቆሞ፣ በጆንያው የሆነ ነገር ሲወድቅለት ሲለው እንደኖረው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ። ሰዉ ሳቀ፣ በፍቅር ነው የሳቀው። ከኋላው የተቀመጠ አንድ ሰው ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ቫይት ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ሴቶቹም ትሕትናው ነው ብለው እርስ በርሳቸው ተንሾካሾኩ።